ላሜራ በቤት ውስጥ፣ ያለ ግራይንደር

የወጥ ቤታችንን በር ሥር አይጥ በላችው። መጀመሪያ ጨርቅ ወተፍኩ፤ ጨርቁን ጎትታ ወሰደችው። እንጨት መታሁበት፤ እንጨቱንም በላችው። ላሜራ ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከበሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ 76 ሳንቲሜትር በ12 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ብቻ። ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ላሜራውን አበላሽቼ፣ አውራ ጣቴን ቆርጬ አመሸሁ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ነው። ግራይንደር (የኤሌክትሪክ ብረት መቁረጫ) ባስጮህ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መብራትም እንደልብ አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም በእጅ ለመሥራት ወሰንኩና መቀስ ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ።

ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ፣ ዓይኑን ጨፍኖም ያገኘዋል። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይጠራል። አሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ጣሳ ማሰሮ፣ ቆርቆሮ ደግሞ ሳጥን የሚሆነው እዚያ ነው። አንድ በርሜል ዘርግተው የሚቀጠቅጡ ሽማግሌ አጠገብ ቆምኩና የገዛሁትን መቀስ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ላሜራ ይቆርጣል?»

«መቀሱማ ይቆርጣል። አንተ ትይዘዋለህ ወይ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ነው የገባኝ። ወረቀት ስትቆርጡ ወረቀቱ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ለመቀሱ መንገድ ይለቃል። ላሜራ አይለቅም። ይነሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የመቀሱን አፍ ይዞ ይቀራል። ቀጭን ብረት ለመቁረጥ ጉልበት አያንስም፤ የሚያንሰው ድጋፍ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ፣ መቀስም ሆነ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ዞሮ ዞሮ ላሜራውን እንዳይንቀሳቀስ ስለማድረግ ነው።

መጀመሪያ ላሜራውን እወቁት

የጣራ ቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይጠራል። ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለበጥበታል። ሻጩን በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ እሱ አያሳስትም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። አሥር ትንንሽ ቁራጭ ዳራቸውን ሞርዳችሁ ደራርቡ፣ ጨምቃችሁ በማስመሪያ ለኩ፣ ለአሥር አካፍሉ።

በእጅ መሣሪያ ቤት ውስጥ በምቾት የሚሠራው እስከ 1 ሚሊሜትር ያለው ተራ ላሜራ ነው። አሉሚኒየም ትንሽ ቢወፍርም ይሄዳል፤ ለስላሳ ነው። ስቴንለስ ግን ቀጭን ሆኖም ያደክማል፣ መቀስም ያበላሻል። ጀማሪ ከሆናችሁ አትንኩት። እኔ የተጠቀምኩት 0.5 ሚሊሜትር ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ ላሜራ ነው። ለአይጥ ይበቃል፣ ለወጥ ቤት እርጥበትም ይሻላል።

የማይቆረጥ ነገርም አለ። ፍሊትም ሆነ ዶድራንት፣ ግፊት ያለበት ቆርቆሮ ባዶ ቢመስልም አይነካም። ነዳጅ፣ ቀለም ወይም ቤንዚን የነበረበት የተዘጋ በርሜልም እንደዚያው። ውስጡ የቀረው ትነት በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ታጥቧል ቢሏችሁም ለባለሙያ ተዉት። ተቆርጦ የተዘረጋ ላሜራ ስትገዙ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ከዕቃ ምን ያስፈልጋል

አንድ ቀጥ ያለ የቆርቆሮ መቀስ። ገንዘብ ካላችሁ ሞላ (ስፕሪንግ) ያለውን፣ እጀታው ባለቀለም የሆነውን ግዙ። ቢጫው ለቀጥታ፣ ቀዩ ወደ ግራ ለሚዞር፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ ለሚዞር መስመር ነው። ሦስቱንም መግዛት የለባችሁም፤ ለመጀመሪያ ቢጫው ይበቃል።

ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ መዶሻ፣ የብረት መሮ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፣ ሁለት ክላምፕ (ማጥበቂያ)። የብርጭቆ ወረቀት። ቀጥ ያለ የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት) ቁራጭ ካገኛችሁ ወርቅ ነው፤ ማስመሪያም፣ መደገፊያም፣ ማጠፊያም ይሆናል። የእጅ መሣሪያ ስም ስትጠሩ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ሴጌቶ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቪቴ፣ ራሱ ላሜራም። ጣሊያን ሄዶ የዕቃ ሳጥኑን ትቶልን የሄደ ይመስላል።

የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አትለፉ። ጓንቱ ለመቀስ፣ ለመሸከምና ለማጠፍ ነው። በትራፓኖ (በመብሻው) ስትበሱ ግን ጓንቱን አውልቁ። የሚሽከረከረው ፑንታ (የመብሻው ጫፍ) ጨርቅና ቆዳ ከያዘ ጣትንም አብሮ ይስባል።

ልኩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የተቆረጠ ላሜራ ዳሩ ምላጭ ስለሆነ በር ላይ እንዲሁ አይመታም። ዳሩ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ለማጠፊያ የሚሆነው ደግሞ ከመጀመሪያው ልኩ ውስጥ መግባት አለበት። እኔ የምፈልገው 76 በ12 ነው። በየዳሩ 8 ሚሊሜትር ለማጠፍ ወሰንኩ። ስለዚህ የምቆርጠው 77.6 በ13.6 ሳንቲሜትር ሆነ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ይህን ረስቼ ልክ 76 በ12 ነበር ያሰመርኩት።

ማርከር በጋልቫናይዝድ ላይ በእጅ ላብ ይጠፋል፣ መስመሩም ወፍራም ነው። ማስኪንግ ቴፕ ለጥፉና በላዩ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ አስምሩ። ቴፑ ላሜራውን ከመቧጨርም ያድነዋል። ጥቁር (ዚንክ ያልተቀባ) ላሜራ ከሆነ ጫፉ የተሳለ የኮንክሪት ሚስማር ይዛችሁ ጭረት አውጡ። በጋልቫናይዝድ ላይ ግን የመቁረጫውን መስመር ብቻ ጫሩ፤ የማጠፊያውን አትጫሩት። ጭረቱ ዚንኩን ይገፈውና ዝገት የሚጀምረው እዚያ ይሆናል።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ማዕዘን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አድርጉ። ያ ተቆርጦ ካልወጣ፣ ሁለት ማጠፊያ ማዕዘኑ ላይ ይደራረብና ያብጣል።

ቀጥታ መስመር በመቀስ

የመጀመሪያው ስህተቴ ላሜራውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጀመሬ ነው። ከሃያ ሳንቲሜትር በኋላ ላሜራው እንደ ቋንጣ ተጠማዘዘ።

ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። የምትፈልጉት ክፍል ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ፣ ትርፉ ከጠረጴዛው ጫፍ ወጣ ብሎ ይንጠልጠል። መስመሩ ከጠረጴዛው ጫፍ ትንሽ ብቻ ይውጣ። በሚፈለገው ክፍል ላይ ቱቦላሬውን ወይም ጣውላ አጋድሙና በሁለት ክላምፕ እሰሩት። አሁን ላሜራው የሚሄድበት የለም።

ቀጥሎ፣ መስመሩ ላይ አትጀምሩ። መጀመሪያ ከመስመሩ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ሻካራ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለተኛ ዙር መስመሩ ላይ ቁረጡ። ሥራ የሚደግም ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። መቀሱ ሲያልፍ ከሁለቱ ወገን አንዱ መታጠፍ አለበት። ትርፉ ሰፊ ከሆነ እሱም ግትር ስለሆነ የናንተን ክፍል ያጣምመዋል። ትርፉ ቀጭን ከሆነ ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ይሄዳል፣ የናንተው ጠፍጣፋ ይቀራል።

የትኛው ወገን እንደሚጠቀለል በመቀሱ ዓይነት ይለያያል። አስቀድማችሁ በማይረባ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። የሚታጠፈው ወገን ትርፉ እንዲሆን አድርጋችሁ ጀምሩ። ለዚህ ላሜራውን ገልብጣችሁ ከሌላው ጫፍ መጀመር ሊኖርባችሁ ይችላል።

መቀሱን ላሜራው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ ጎን ከተጋደመ አይቆርጥም፣ ላሜራውን ያኝከዋል። ላሜራውን እስከ መቀሱ ጉሮሮ አስገቡት፤ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ተጫኑ። ዋናው ምስጢር ደግሞ ይኸውና፤ መቀሱን ጨርሳችሁ አትዝጉ። ጫፉ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ሲቀረው አቁሙ፣ ከፈት አድርጉ፣ ወደፊት ግፉ፣ እንደገና ተጫኑ። መቀሱ ከተቆረጠው መንገድ ጨርሶ አይውጣ።

ጨርሳችሁ ስትዘጉት ምን ይሆናል? ጫፉ ላሜራውን ቆንጥሮ ትንሽ መንጠቆ ይተዋል። ሩዝ የማታክል፣ ወደ ኋላ የዞረች የብረት እሾህ ናት። በዓይን አትታይም። ዳሩ ሞልቶ የሚታየው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። እኔ ቆረጥኩ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ ጓንት አውልቄ፣ ለስላሳነቱን ለማየት አውራ ጣቴን በዳሩ ላይ ሳብኩት። ሦስተኛዋ መንጠቆ ላይ ያዘኝ። ደሙ ከመምጣቱ በፊት ነጭ መስመር አየሁ፣ ከዚያ ቴፑ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

እንዲህ ከሆናችሁ በውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፣ በንጹህ ጨርቅ ተጫኑት። ጥልቅ ከሆነ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ ብዙ ዓመት ካለፈም ንገሯቸው። አረቄ አፍስሰው የሚተዉትን አትስሙ።

ረጅም መስመር ላይ እጃችሁ ከላሜራው ዳር ጋር እየተጋጨ ያስቸግራል። በግራ እጅ ትርፉን ትንሽ ወደ ላይ ቀና እያደረጋችሁ ሂዱ። ብዙ ቀና ካደረጋችሁት ግን ቁርጡ ከመስመሩ ይወጣል። ከስምንት ዘጠኝ ንክሻ በኋላ እጅ ይደክማል። አርፉ። የደከመ እጅ መቀስ ይዘጋል።

ክብና መሃል ላይ ያለ ቀዳዳ

ክብ ስትቆርጡ ከአራት ማዕዘን ጀምሩ። ማዕዘኖቹን ቁረጡና ስምንት ማዕዘን አድርጉት። ከዚያ ነው ክቡን መከተል። እያንዳንዱ ዙር ትርፉን ያሳንሰዋል፣ ቀጭን ትርፍ ደግሞ ይታዘዛል። በቀጥታ መቀስ ሰፊ ክብ ይወጣል፤ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህለውን ግን አይወጣም። ለእሱ ቀዩ ወይም አረንጓዴው ያስፈልጋል።

የቧንቧ ማሳለፊያ ዓይነት ቀዳዳ ከሆነ መሃሉን ብሱ፣ የመቀሱ ጫፍ እስኪገባ አስፉ፣ ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞራችሁ ወደ መስመሩ ውጡ። ስትበሱ ከሥር እንጨት አድርጉ። ላሜራውንም እሰሩት። ፑንታ ቀጭን ላሜራን ሲያልፍ ነክሶ ይይዘዋል፣ ያልታሰረ ላሜራ ደግሞ እንደ ቢላ ይሽከረከራል። በ3 ሚሊሜትር ጀምሩና አስፉ። ትራፓኖ ከሌለ ሚስማርና መዶሻም ይሠራል።

ሴጌቶ መቼ?

ሁሉም ቤት ያለው ሴጌቶ ነው፤ ለቀጭን ላሜራ ግን በጣም የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ምክንያቱ ጥርሱ ነው። ምላጩ ላይ 24 ወይም 32 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። በ32ቱ እንኳ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የኔ ላሜራ 0.5 ነው። ስለዚህ በሁለት ጥርስ መሃል ይወድቃል፣ ስትገፉት ይይዛል፣ ጥርሱ ይረግፋል። ቁርጡ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ጥርስ እንዲያርፍ ነው የሚፈለገው።

መፍትሔው ላሜራውን ማወፈር ነው። በሁለት ቁራጭ ቺፕውድ መሃል አድርጉትና በክላምፕ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። መስመሩን እንጨቱ ላይ አስምሩ። አሁን ሦስቱንም አንድ ላይ ቁረጡ። ሴጌቶው እንጨት የሚቆርጥ ይመስለዋል፣ ላሜራው ሳይንቀጠቀጥ ይቆረጣል። ዳሩም ከመቀስ ይልቅ ንጹህ ይወጣል። እንጨት ከሌለ ሴጌቶውን አጋድማችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የሚነካው ጥርስ ይበዛል።

ምላጩን ስትገጥሙ ጥርሱ ወደ ፊት፣ ከእጀታው ወደ ውጭ ይዙር። ሲገፋ ነው የሚቆርጠው። ስትመልሱት አትጫኑ። የምላጩ ርዝመት 30 ሳንቲሜትር ከሆነ ሙሉውን ተጠቀሙበት። መሃሉን ብቻ እያመላለሱ ምላጩ አልቋል የሚሉ አሉ፤ ያለቀው መሃሉ ነው።

በከተር ጭሮ መስበር

ለአሉሚኒየም ከሁሉም የምወደው ይሄ ነው። ቱቦላሬውን መስመሩ ላይ እሰሩ። በከተር ጀርባ ወይም በጠንካራ ምላጭ ደጋግማችሁ ጫሩ፤ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ መንገድ አውጡ፣ ከዚያ ጫን እያላችሁ። ጭረቱ ግማሹን ያህል ከገባ፣ መስመሩን በጠረጴዛው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ላሜራውን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አጠፋጥፉት። ብረት በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደክማል፣ ይሰበራል። የወጥ ጣሳ ክዳን እጃችን ላይ የሚበጠሰውም በዚሁ ነው። ቀጥ ያለ ዳር ይሰጣችኋል፣ መንጠቆም የለውም። ለክብ ግን አይሆንም፤ ከዳር እስከ ዳር ለሚያልፍ ቀጥታ መስመር ብቻ ነው።

መሮና መዶሻ

የምናለሽ ተራ ሰዎች ዘዴ ይሄ ነው። ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ካላችሁ ላሜራውን መስመሩ ከሞርሳው አፍ ጋር እኩል እስኪሆን እሰሩት። መሮውን በሞርሳው አፍ ላይ ጋደም አድርጉ፣ ትንሽም ወደ ጎን ዘወር አድርጋችሁ ምቱ። የሞርሳው አፍና መሮው እንደ መቀስ ሁለት ምላጭ ይሆናሉ። ሞርሳ ከሌለ ከሥር የማትፈልጉትን ወፍራም የብረት ቁራጭ አንጥፋችሁ ቁልቁል ቁረጡ። ሲሚንቶ ላይ አትሞክሩት፤ መሮውም ወለሉም ይጎዳል። የመሮው ራስ ተመትቶ ተመትቶ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ከሆነ ሞርዳችሁ አስተካክሉት። ከዚያ የሚፈናጠር ስብርባሪ ዓይን ያጠፋል። ድምፁ ብዙ ነው፤ እሑድ ጠዋት አይሞከርም።

ዳሩ

መቁረጥ ግማሹ ሥራ ነው። ላሜራውን እሰሩና ሞረዱን በዳሩ ርዝመት፣ ትንሽ አጋድማችሁ ግፉ። በአቋራጭ ከሞረዳችሁ ላሜራው ይንጫረራል፣ ጥርስም ያወጣል። ሁለቱንም ገጽ ንኩ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ጠቅልላችሁ አስኪዱበት። ለስላሳ መሆኑን በጣት አትፈትኑ፤ የማይፈለግ የጥጥ ካልሲ ሳቡበት። ክር ከያዘ መንጠቆ አለ።

ማጠፍ ላይ ቱቦላሬው እንደገና ይመጣል። የማጠፊያውን መስመር በጠረጴዛው ጫፍና በቱቦላሬው መሃል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የእንጨት ቁራጭ ዳሩ ላይ አድርጋችሁ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያላችሁ ምቱ፤ አንድ ቦታ እስከ መጨረሻ አታጥፉ፣ ከዳር እስከ ዳር በትንሽ በትንሹ እየተመላለሳችሁ ዝቅ አድርጉት። ዘጠና ዲግሪ ሲደርስ ፈትታችሁ ገልብጡና ሙሉ በሙሉ አስተኙት። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን፣ ከዚያ አጫጭሮቹን። ዳሩ ሲታጠፍ ላሜራው ራሱ ግትር ይሆናል፤ 0.5 የነበረው 1 ሚሊሜትር የሆነ ይመስላል።

በጋልቫናይዝድ ዳር ላይ ያለው ዚንክ የተቆረጠውን ቀጭን ዳር ራሱ በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀዋል። ጥቁር ላሜራ ከሆነ ግን በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡት። ክረምት ላይ በአንድ ሌሊት ቢጫ ሲሆን ታያላችሁ።

በሩ ላይ በስድስት ብሎን መታሁት፣ ከወለሉ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ትቼ። በሩ እንዲንቀሳቀስ ነው እንጂ ለአይጥ ልጅ ከዚያ በላይ መተው አይገባም። ያን ሌሊት ላሜራውን ስትቧጥጥ ሰማኋት።

የቀረው ወለሉ ነው። መጀመሪያ በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ ስብርባሪው መጥረጊያው ውስጥ ይቀራል፣ ነገ የልጅ እግር ያገኘዋል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ወለሉን አስሱበት። ሲሞላ ፌስታሉን ገልብጣችሁ አውጡት፣ ብረቱ ውስጡ ይቀራል። አሉሚኒየም ማግኔት ስለማይዘው በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ አስቀምጡ፣ ይፈለጋል። የተረፈውን ጠፍጥፋችሁ ጣሳ ውስጥ ክተቱና አፉን ደፍጥጡት። ጠዋት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ስትሰሙ እንዳለ ስጡት።